ቅጹ ላይ ቦታ የሌለው ሥራ፦ ለዩኒቨርሲቲያችን ሴኔትና ለማዕረግ እድገት ኮሚቴ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት አባላት፣
ለተከበራችሁ የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣

ጤና ይስጥልን። እኛ በቶክሲኮሎጂ (በመርዝ ጥናት) እና በኩላሊት ሕመም ጥናት ላይ የምንሠራ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቶችና የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ነን። በደብዳቤ ጠይቀን መልስ አጣን፣ በስብሰባ ስናነሳው "ይታያል" ተባለና እዛው ቀረ፣ ስለዚህ በግልጽ ለመጻፍ ተገደድን። የዩኒቨርሲቲውን ስም ሆን ብለን ትተነዋል፣ ሌላ ግቢ ያሉ ጓደኞቻችን ተመሳሳይ ነገር ሲያወሩ ስለምንሰማ ነገሩ የኛ ቤት ብቻ አይመስለንም።

ጉዳዩ ይሄ ነው። ባወጣችሁት አዲስ ሰርኩላር መሠረት ለተባባሪ ፕሮፌሰርነትም ሆነ ለፕሮፌሰርነት የሚቆጠረው ኢንዴክስ በተደረገ የውጭ ጆርናል፣ እሱም ከላይኛዎቹ ሁለት ደረጃዎች ውስጥ ባለ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ብቻ ሆኗል። የመጀመሪያ ስም ወይም ኮሬስፖንዲንግ ኦተር (ከጆርናሉ ጋር የሚጻጻፈው ጸሐፊ) ካልሆንክ ዜሮ። ኬዝ ሪፖርት (የአንድ ወይም የጥቂት ታካሚዎች ዘገባ) ዜሮ። የአገር ውስጥ ጆርናል ዜሮ። የመርዛማነት ምርመራ ሪፖርት፣ የሕክምና ጋይድላይን፣ የታካሚ መዝገብ፣ ለሆስፒታሎች የምንሰጠው የመመረዝ ምክር ደግሞ ድሮ "የማኅበረሰብ አገልግሎት" ተብሎ ትንሽም ብትሆን ነጥብ ነበረው፣ አሁን እሷም ተነሳች።

ሕጉ ከየት እንደመጣ ይገባናል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብር ተቀብለው ያገኙትን የሚያትሙ ጆርናሎች አሉ፣ በነሱ ማዕረግ ያገኘ ሰውም አለ፣ ይሄን ለመዝጋት መነሳታችሁ ትክክል ነው፣ እኛም ስንጮህበት የነበረ ነገር ነው። ግን በሩን ስትዘጉ እኛ ውጭ ቀረን። የኛ ዘርፍ ሥራ አብዛኛው እናንተ በምትቆጥሩት መልክ አይወጣም። ይሄን በባዶ ከምናወራው ብለን ሰብሰብ ብለን አንድ ነገር ሠራን፣ የእድገት ማመልከቻ ቅጻችሁን በዚህ ዘርፍ ዓለም ለሚያውቃቸው ሰዎች ሞላንላቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ለዶ/ር አክሊሉ ለማ። 1964፣ አድዋ። ከጆንስ ሆፕኪንስ ትምህርታቸውን ጨርሰው ገና መመለሳቸው ነው፣ ቢልሃርዝያ ሊያጠኑ ወንዝ ዳር ወርደው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ያገኙታል፣ ከዛ ራቅ ሲሉ ደግሞ በሕይወት አለ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። የመጀመሪያው ሪፖርት 1965 የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ላይ ወጣ፣ ጆርናሉ ገና ሦስተኛ ቮልዩሙ ላይ ነበር። በእናንተ ቅጽ፦ የአገር ውስጥ ጆርናል፣ ዜሮ። ቀጥሎ አድዋ ላይ ለዓመታት በእንዶድ ወንዝ እያከሙ ሕዝቡን ተከታተሉ፣ በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50% ወደ 7% ወረደ። የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ዜሮ። አዲስ አበባ ላይ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፣ ዛሬ በስማቸው ነው የሚጠራው። ለዛም የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ ፈልገን አጣን።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የኛ ታሪክ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ከታወቀ በኋላ ጥያቄው "ለሰውና ለከብትስ?" ሆነ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ማንም ቶክሲኮሎጂስት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ችግሩ ምርመራው የሚታመነው ጂ.ኤል.ፒ. (ጥሩ የላብራቶሪ አሠራር) በሚባለው ስታንዳርድ ከተሠራ ብቻ ነው ተባለ፣ እንደዛ የሚሠራ ላብራቶሪ ደግሞ እዚህ አልነበረም፣ የአፍሪካ ላብራቶሪ ውጤት ተቀባይነት አጣ። በካናዳ ድጋፍ የመርዛማነት ጥናቱ በተጠየቀው ደረጃ ተሠርቶ ሲያልቅ ወደ 1990 ደርሷል። ከአድዋው ወንዝ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው፣ በዛ መሀል ፕራዚኳንቴል የሚባለው የቢልሃርዝያ እንክብል መጥቶ የዓለም ትኩረት ወደዛ ዞሯል። ይሄን የምንጽፈው ለቁጭት አይደለም (ቁጭቱም አለ)። አገር ውስጥ አንድ የሚታመን የመርዛማነት ላብራቶሪ ቢኖር ያ ሁሉ ዓመት አይባክንም ነበር፣ እና ዛሬ እንደዛ አይነት ላብራቶሪ ለማቆም የሚደክመውን ሰው እናንተ ዜሮ ትሰጡታላችሁ።

1989 ላይ ብዙ ሰው አማራጭ ኖቤል የሚለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲያገኙ አብረዋቸው የተሸለሙት ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። የሳቸው ዋና ሥራ የእንዶድ ዝርያዎችን ማሰባሰብ፣ መትከል፣ ማወዳደርና ምርጡን ለይቶ ማውጣት ነበር። አንድ ተክል ተክሎ ፍሬውን ጠብቆ መልሶ መትከል ስንት ዓመት ይፈጃል? ለገሠን ቅጹ ላይ ስንሞላቸው እጃችን ቆመ።

ሁለተኛ ፍራንሲስ ኬልሲ። ካናዳዊት ናቸው፣ 1937 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያሉ አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ የሰልፋ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰው ጨረሰ፣ ከነሱ ውስጥ ሕፃናትም ነበሩ። መድኃኒቱ የተሟሟበት ነገር ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበር፣ ይሄ ኬሚካል ኩላሊትን ያጠፋል፣ ሰውየው ሽንቱ ይቆማል ከዛ ይሞታል። የኬልሲ ፕሮፌሰር በላብራቶሪ እንስሳ አረጋገጡት፣ እሷም እዛ ላብራቶሪ ውስጥ ነበረች (አንቱታው እዚህ ላይ ይቅር፣ ተማሪ ነበረች)። በዛ ሰበብ 1938 አሜሪካ አዲስ የመድኃኒት ሕግ አወጣች፣ አምራቹ ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱን ያሳይ የሚል። ኬልሲ 1960 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገብታ መጀመሪያ ከተሰጧት ማመልከቻዎች አንዱ ታሊዶማይድ የሚባል የማስተኛ መድኃኒት ነበር። አልፈርምም አለች። ኩባንያው ደጋግሞ ወተወተ፣ እሷ ደጋግማ ተጨማሪ መረጃ አምጡ አለች፣ እስከዛ አውሮፓ ውስጥ እጅና እግር የጎደላቸው ሕፃናት መወለዳቸው ከመድኃኒቱ ጋር ተያያዘ። 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለማት። እንግዲህ በእናንተ ቅጽ "ያልፈረመችው ወረቀት" የሚል ተራ ቁጥር የቱ ጋ ነው?

ይሄ ታሪክ የሩቅ እንዳይመስላችሁ። 2022 ጋምቢያ፣ ያው ዳይኤቲሊን ግላይኮል፣ ከ85 ዓመት በኋላ። ትንንሽ ልጆች ትኩሳት ይዟቸው ሽሮፕ ይሰጣቸዋል፣ ሽንታቸው ይቆማል፣ ይሞታሉ። የኩላሊት ስፔሻሊስቱ ዶ/ር አቡበከር ጃኝ ነገሩ እንደወትሮው ኢንፌክሽን አልመስል ብሏቸው ሽሮፑን ጠረጠሩ፣ ድምፅ አሰሙ። የዓለም ጤና ድርጅት በኦክቶበር 2022 አራት ከውጭ የገቡ ሽሮፖች ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ወደ 70 የሚጠጉ ሕፃናት አልቀዋል። በዛው ዓመት ኢንዶኔዥያና ኡዝቤኪስታን ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ይሄን ለመያዝ የሚያስፈልገው ምንድነው? ኩላሊታቸው የተጎዳ ልጆችን መዝግቦ "ምን ጠጣ" ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም፣ ሽሮፑን የሚመረምር ላብራቶሪ፣ ስልክ ሲደወል የሚያነሳ ሰው። ጆርናል ላይ መጻፍ በኋላ ይመጣል፣ መምጣቱም ጥሩ ነው፣ ግን ልጅ የሚያድነው ከዛ በፊት ያለው ነው።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። ስም አንጠራም፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ፈቃድ ሰጥተውናል፣ እናንተም ፋይሉን አይታችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

አንዷ ባልደረባችን በገበያ በብዛት የሚሸጥ አንድ ባህላዊ መድኃኒት ኩላሊትና ጉበት ላይ ምን እንደሚያደርግ የ90 ቀን የአይጥ ጥናት ሠራች። ለማታውቁት፣ 90 ቀን ማለት 90 ቀን ነው፣ በዓል የለም፣ እሁድ የለም፣ በየቀኑ መመገብ፣ መመዘን፣ ማየት። መኖ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ የክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ሪኤጀንት ዶላር ጠፍቶ ይዘገያል፣ በመሀል ፍሪጅ ጠፍቶ ሴረሙ ተበላሸባትና እንደገና ጀመረች። ውጤቱ ሲመጣ በተለመደው መጠን የሚታይ የኩላሊት ጉዳት የለም የሚል ሆነ። ለሕዝብ ይሄ ትልቅ ዜና ነው አይደል? ከፍተኛ ጆርናል ግን "ጉዳት አላገኘንም" የሚል ነገር ብዙም አይፈልግም፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ የወጣው ዝቅ ያለ ጆርናል ላይ ነው። ኮሚቴው "በቂ ፐብሊኬሽን የለም" ብሎ መለሳት። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ዳታ እየሰበሰበ ሜታ አናሊሲስ በዓመት ሦስት አራት የሚያወጣ ሰው ቀድሟት አለፈ። ሜታ አናሊሲስ ጥቅም የለውም አላልንም፣ ግን ሰብሳቢው የሚሰበስበውን ዳታ የሚያመርተው ማን ሊሆን ነው?

ሌላው የኩላሊት ሐኪም ነው። ዲያሊሲስ ክፍል ለሚመጣ ሁሉ አንድ ወረቀት አለው፣ ስንት ዓመቱ ነው ስኳር አለው ወይ ብቻ ሳይሆን ምን ቅጠል ጠጣ፣ ምን ማስታገሻ ለስንት ጊዜ ዋጠ፣ ምን ኬሚካል ላይ ይሠራል እያለ ይጠይቃል። ይሄን በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚያደርገው። ከመዝገቡ አንድ ሁለት ኬዝ ሪፖርት አውጥቷል፣ ዜሮ ተሰጠው። እሺ፣ ብራሰልስ እንሂድና እንይ። 1992 ላይ ዣን ሉዊ ቫንኸርዌገም የሚባሉ የኩላሊት ሐኪም ሁለት ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው በፍጥነት ደክሞ መጡባቸው፣ ጠየቋቸው፣ ሁለቱም አንድ ክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ሄደው የቻይና ቅጠል ወስደዋል። ሌሎች ዲያሊሲስ ማዕከሎች ሲጠይቁ ሌሎች ሰባት ተገኙ። ዘጠኝ ሰው። 1993 ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ አወጡት። ክሊኒኩ ለዓመታት ያለችግር ሲሠራ የነበረ ነው፣ ችግሩ የመጣው ቅጠሉ በስሙ በሚቀራረብ ሌላ ተክል፣ ኩላሊት በሚመርዘው በአሪስቶሎኪያ፣ ተቀይሮ ስለገባ ነው። በኋላ ተጎጂው ከመቶ አለፈ። 2000 ላይ ደግሞ ዦኤል ኖርቲየርና ጓደኞቿ ኩላሊታቸው ከወጣላቸው 39 ታማሚዎች በ18ቱ ላይ የሽንት ቧንቧ ካንሰር አገኙ። ከዛ አልፎ በዳኑብ ገባር ወንዞች ዳር ያሉ የባልካን ገበሬዎችን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲጨርስ የነበረው ምክንያቱ ያልታወቀ የኩላሊት በሽታ ከዛው ተክል፣ ከስንዴ ጋር አብሮ ከሚበቅል ዘር የመጣ መሆኑ ተገለጠ። መነሻው ሁለት ሴቶችና አንድ ጥያቄ። እኛ አገር ስንት ቅጠል በስሙ ተመሳስሎ ገበያ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ እሱን የሚጠይቀው ሐኪም ግን ወደ ሌላ ሥራ ለመሄድ እያሰበ ነው።

ሦስተኛው ስልኩ ነው። የነቀዝ መድኃኒት የጠጣች ልጅ፣ የተረጨበት ገበሬ፣ በረኪና የዋጠ ሕፃን፣ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት የበላ ቤተሰብ። የክልል ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም ሌሊት ይደውላል፣ የኛ ሰው ተነስቶ ምን እንደሆነ ይገምታል፣ ምን ስጡ ምን አትስጡ ይላል፣ ኩላሊቱን እንዴት እንደሚከታተሉ ይነግራል። ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም። ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ክላስ አለው፣ ቲቺንግ ሎዱ አይቀነስም፣ ፋይሉ ላይ አይጻፍም።

አራተኛ፣ የስም ቅደም ተከተል። እዚህ ላይ አጭር እንሁን። 1999 ላንሴት ላይ በወሎ የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ መነሳቱን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጓያ ድርቅ ሲመጣ ሕዝቡ ሌላ ሲያጣ የሚበላው ነገር ነው፣ ውስጡ ያለው መርዝ እግር ይይዛል። በጽሑፉ ላይ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ሦስተኛ ስም ናቸው። ዕድሜያቸውን ጓያና በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ሲያጠኑ የኖሩ ኒውሮሎጂስት ናቸው፣ ወንጂ ስኳር ላይ አጥንታቸው በፍሎራይድ የደረቀባቸውን ሠራተኞች ያዩ። (ፍሎራይድ ከሰውነት የሚወጣው በአብዛኛው በኩላሊት ነው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ የኛም ጉዳይ ነው።) በእናንተ ቅጽ ጆርናሉ ላንሴት ቢሆንም ሦስተኛ ስም ስለሆኑ ዜሮ። ይሄን ስናነበው ሳቅን፣ ከዛ ሳቁ ጠፋ። መስክ ወጥቶ ሰው የሚያይ፣ ላብራቶሪ የሚመረምር፣ ቁጥሩን የሚሠራ ሁሉ አንደኛ መሆን አይችልም፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው የቶክሲኮሎጂ ጥናት ካለ አሳዩን።

አምስተኛ ቴክኖሎጂስቶቻችን። የኩላሊት ቲሹ ስላይድ ቆርጦ የሚያቀልመው ሰው እጁ ካልሠራ ሁሉም ነገር ዋጋ የለውም። ምስጋና ላይ እንኳን አንዳንዴ ስማቸው ይረሳል፣ እሱ የእኛ የተመራማሪዎቹም ጉዳይ ነው፣ ግን የእድገት መሰላላቸው ከእኛ የተለየና አጭር ሆኖ የተሠራው በእናንተ ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ወደ ግል ላብራቶሪ እየሄዱ ነው፣ ማን ይፈርድባቸዋል።

ስለ ማተሚያ ክፍያ ብዙ አንልም። ከድሃ አገር ለሚጽፍ ነፃ የሚያደርጉ ጆርናሎች አሉ፣ እናንተም ይሄን ትነግሩናላችሁ፣ እውነት ነው፣ ግን ሁሉም አይደሉም፣ በዶላር የሚጠይቁት ዋጋ ደግሞ ከደሞዛችን ጋር ሲተያይ ባናወራው ይሻላል።

ስለዚህ የምንጠይቀው እነዚህን ነው።

ሰርኩላሩ ዘርፉን የሚያውቁ ሰዎች እስኪያዩት ድረስ በኛ ፋይሎች ላይ እንዲቆም፣ በሱ የተመለሱ ማመልከቻዎችም እንደገና እንዲታዩ።

በታወቀ ፕሮቶኮል ተሠርቶ በውጭ ገምጋሚ የታየ የመርዛማነት ምርመራ ሪፖርት፣ ጉዳት ያገኘም ያላገኘም፣ እንደ ጽሑፍ እንዲቆጠር። አጭበርባሪ እንዳይገባበት ገምጋሚዎቹን እናንተው ምረጡ፣ እኛ አንፈራም።

ኬዝ ሪፖርት አዲስ የመመረዝ ምንጭ ካሳወቀ ወይም ለጤና ባለሥልጣን የተላለፈ ማስጠንቀቂያ ካስከተለ ነጥብ ይሰጠው። የታካሚ መዝገብና ጋይድላይንም እንደዚሁ።

በቡድን ጥናት ላይ የስም ቅደም ተከተል ሳይሆን ማን ምን እንደሠራ የሚገልጸው ጽሑፍ ይታይ፣ አብዛኛው ጆርናል አሁን ይሄን ራሱ ይጠይቃል።

የሌሊት የመመረዝ ምክር ተመዝግቦ ከቲቺንግ ሎድ ላይ ይታሰብ። መዝገቡን እኛ እንይዛለን፣ ሆስፒታሎቹም ይፈርማሉ።

ለቴክኖሎጂስቶች የተለየ የእድገት መሰላል ይዘጋጅ፣ ረቂቁን ከነሱ ጋር ሆነን ጽፈን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንድ የላብራቶሪ ሰውና አንድ ታካሚ የሚያይ ሰው ይግባ። አሁን ያሉት አባላት የተከበሩ ናቸው፣ ግን አይጥ ቤት ገብተው የሚያውቁ አይመስለንም፣ ከፈለጉ ደግሞ እንጋብዛለን፣ ጫማ መሸፈኛ አለ።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን፣ ከቀጣዩ የሴኔት ስብሰባ በፊት። "ይታያል" የሚለውን ሰምተናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የቶክሲኮሎጂና የኩላሊት ሕመም ጥናት ቡድን አባላት፦
የፋርማኮሎጂና ቶክሲኮሎጂ መምህራን
የኩላሊት ሕክምና ሐኪሞች
የላብራቶሪና የሂስቶፓቶሎጂ ቴክኖሎጂስቶች
የአኒማል ሀውስ ሠራተኞች
የድህረ ምረቃ ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲው መምህራን ማኅበር
ለምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት